የቤት አር ኦ ማጣሪያ፦ ሜምብሬን ከመግዛትዎ በፊት ግፊቱን ይለኩ

ከአር ኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ማጣሪያ የሚወጣው ውሃ ሲያንስ ብዙ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው አዲስ ሜምብሬን፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው የሚያስቀረው ስስ ማጣሪያ ነው። ውድ ዕቃ ስለሆነ አይቸኩሉ።

ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል
የማጣሪያውን ትንሽ ታንክ ያንሱት። ከባድ ሆኖ ውሃ የማይሰጥ ከሆነ አየሩ ወጥቷል። መግቢያውን ዘግተው፣ ታንኩን አፍስሰው ሲጨርሱ የአየር ቫልቩን በጎማ መለኪያ ይለኩ፤ ባዶው ታንክ 0.5 ባር ገደማ መያዝ አለበት። ካነሰ በብስክሌት መንፊያ ይሙሉት።

ታንኩ ቀላል ከሆነ ሜምብሬኑ እያመረተ አይደለም። በደንብ ለመሥራት ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋል። የጣሪያ ሮቶ የሚሰጠው ደግሞ በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ብቻ ነው፤ 6 ሜትር ላይ ከተቀመጠ 0.6 ባር መሆኑ ነው። በዚህ ግፊት አዲስ ሜምብሬንም ለውጥ አያመጣም፤ የሚያስፈልገው ከሜምብሬኑ በፊት የሚገጠም የግፊት ፓምፕ ነው። ግፊቱ በቂ ከሆነ የደለል ፊልተሩን አውጥተው ይዩ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሲለቀቅ ደለል ይዞ ስለሚመጣ ቶሎ ይደፈናል። የክረምት ቅዝቃዜም ምርቱን ይቀንሳል፤ ያ ግን ብልሽት አይደለም።

ታንኩ ሞልቶም ወደ ፍሳሽ የሚሄደው ውሃ አይቆምም
መግቢያውን ይዝጉ። ፍሳሹ ከቀጠለ ውሃው ከታንኩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው፤ የማይመልሰው ቫልቭ ይቀየር። ከቆመ አውቶማቲክ መዝጊያው ተበላሽቷል፣ ወይም እዚህም ግፊቱ አንሶታል።

ቲዲኤስ (በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን) ጨመረ
የሚገባውንም የሚወጣውንም ይለኩ። 400 ገብቶ 40 ከወጣ 90 በመቶ እያጣራ ነው። ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ ሜምብሬኑን መቀየር ተገቢ ነው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ብርጭቆ ግን አይለኩት፤ ሌሊቱን ቆሞ ስላደረ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ለሚያጣሩ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቲዲኤስ ሜትር ፍሎራይድን ለይቶ አያሳይም፤ ምላስም አይለየውም። ማፍላት ደግሞ አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ያከማቸዋል። የተጣራው ውሃ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር፣ በታች መሆኑን የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ክሎሪን ክሎሪን ይላል
የካርቦን ፊልተሩ አልቋል። አያቆዩት፤ የሚያልፈው ክሎሪን ሜምብሬኑን ይበላዋል። ውሃው ነጭ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ከጠራ ግን አየር ነው፣ ይጠጡት።

በመጨረሻ ሜምብሬኑ መቀየሩ ካልቀረ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ ታንክ ይድፉት።