እስከ 9 ሰዓት ሲጾም የሚነሳው ራስ ምታት እንዴት ተፈታ

ችግሩ፦ በጾሙ የመጀመሪያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ራስ ምታት፣ 9 ሰዓት ላይ ከተበላ በኋላ ደግሞ የሆድ መነፋትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት።

ራስ ምታቱን በረሃብ ማሳበብ ይቀናል፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን ቡና ነበር። ጠዋት 2 ስኒ የለመደ ሰው በአንዴ ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ በማግስቱም ይብሳል። ስለዚህ ቅነሳው ከጾሙ 10 ቀን ቀድሞ ተጀመረ፦ 3 ቀን አንድ ተኩል ስኒ፣ 3 ቀን አንድ፣ 3 ቀን ግማሽ፣ ከዚያ የጠዋቱ ቀርቶ ከምግብ በኋላ ብቻ። እሱም ቢሆን ከበሉ አንድ ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ቡና የምስርና የጎመኑን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳልና። ከ12 ሰዓት ማታ ካለፈ ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ይቅር።

ውሃም ድርሻ አለው። ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ 2 ሊትር ያህል፣ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ። መኝታ ላይ አንድ ሊትር መገልበጥ ትርፉ ሽንት ቤት መመላለስ ነው።

ለሆዱ፦ መጀመሪያ ውሃና ግማሽ ሙዝ፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ አንድ እንጀራ፣ የቀረው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ። ሽምብራ ከሆነ አድሮ ይዘፈዘፍና ውሃው ይደፋ። ዘይቱንም በማንኪያ መለካት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው፣ «የጾም ነው» ተብሎ ሲንቆረቆር ክብደት ቢጨምር አይግረም።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ይህን አይሞክር።