የተንጠለጠለው የኪራይ ድጎማ ማመልከቻዬ እንዴት እንዳለቀ
ጀርመን ውስጥ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ተከራይ ቮንጌልድ የሚባል የመንግሥት ድጎማ አለ። ብድር አይደለም፤ መልሱ አይባልም። የኔ ማመልከቻ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ችግሩ የኪራይ ውሌ ነበር፤ ሁሉንም ነገር ጠቅልሎ አንድ ዋጋ ብቻ ይናገራል። ድጎማው ሲሰላ ደግሞ የማሞቂያና የሙቅ ውሃ ወጪ ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል።

አከራዬን በደብዳቤ ጠየቅኳቸው፦ የቤቱ ኪራይ ለብቻ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ቆሻሻ ለብቻ፣ ማሞቂያ ለብቻ ተጽፎ ይፈረምልኝ። ጻፉልኝ፣ አስገባሁት፣ ጉዳዩ ተንቀሳቀሰ።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው። ድጎማው የሚታሰበው ማመልከቻው ቢሮው ከደረሰበት ወር መጀመሪያ አንስቶ ነው። ስለዚህ ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው፣ ያሳዝነኛል። ስምና አድራሻችሁን ጽፋችሁ፣ ድጎማውን እንደምትጠይቁ ገልጻችሁ፣ ፈርማችሁ ዛሬውኑ አስገቡ። ቅጹና ማስረጃው ይከተላል። እኔም ያስገባሁት በጊዜ ስለነበር የዘገዩት ወራት ክፍያ ተጠራቅሞ ደረሰኝ።

ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ለ12 ወር ነው፣ በራሱ አይታደስም። ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው እንደገና አመልክቱ።