ዋሻው ውስጥ የኖረው አዳኝ ነው አርቢ? በምን ይለያል?

ጎንደር ዙሪያ ዋሻ ሞልቷል። አንዱ ጋ ገብታችሁ አጥንት፣ የባልጩት ስንጥርና የሸክላ ስብርባሪ ብታገኙ እዚያ የኖሩት እያደኑና እየለቀሙ የሚበሉ ነበሩ ወይስ ከብት የሚያረቡ?

ብዙ ሰው ሸክላ ሲያይ «አርቢ»፣ የድንጋይ መሣሪያ ሲያይ «አዳኝ» ይላል። ይሄ አያዋጣም። ቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የኖሩ አዳኞች ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ የኬንያ የመጀመሪያ አርቢዎች ደግሞ ሥጋ የሚቆርጡት በባልጩት ስለት ነበር። ዋናው ማስረጃ አጥንቱ ነው።

መጀመሪያ የምን እንስሳ እንደሆነ ይጣራል። የበግ የዱር ዘር መነሻው ደቡብ ምዕራብ እስያ ነው፤ እኛ ጋ የዱር በግ የለም። ስለዚህ የበግ አጥንት ከተገኘ በሰው እጅ የመጣ ነው። ፍየል ላይ ግን እኛ ጎንደሬዎች የራሳችን ፈተና አለብን፤ ዋልያ። ዋልያ የፍየል የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ስብርባሪ የእግር አጥንት አይቶ «ይሄ ፍየል ነው» ማለት ለባለሙያም ከባድ ነው። ላምና ጎሽም እንደዚያው ያምታታሉ። እንዲህ ሲሆን የዲኤንኤ ምርመራ ይረዳል።

ቀጥሎ ዕድሜ ነው፣ ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይሄ ነው። ቅዳሜ ገበያ በግ ስትገዙ አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን ታዩ የለ? አርኪዮሎጂስቱም መንጋጋውን ይዞ የሚያየው ያንኑ ነው፤ የወተት ጥርሱ ወልቋል ወይ፣ ዋናው ጥርስስ ምን ያህል አልቋል። አርቢ ወንዱን ገና ወጠጤ ሳለ ያርደዋል፣ ሴቷን ግን ለወተትና ለግልገል ብሎ እስክታረጅ ያቆያታል። የወጣት ወንዶችና ያረጁ ሴቶች አጥንት የበዛበት ክምር የመንጋ ምልክት ነው።

የአዳኝ ሰፈር ምን እንደሚመስል ለማየት መተማ አካባቢ ሺንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረውን ቦታ ማሰብ ይበቃል፤ 74,000 ዓመት ገደማ ያለው ሲሆን የተገኘው የዱር እንስሳ አጥንት፣ ዓሣ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትንንሽ ስለታም ድንጋዮች ናቸው። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ላሊበላ ዋሻ (ከተማው አይደለም) ግን ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የከብት አጥንት ከገብስና ከሽምብራ ጋር አለ።

ግን የዱር አጥንት ስለበዛ ብቻ «አርቢ አይደሉም» አትበሉ። ጅቡቲ ውስጥ አሳ ኮማ የኖሩት ከብት እያላቸው ዓሣ በብዛት ያጠምዱ ነበር። በጠጥም ብቻውን አያሳምንም፤ ሊቢያ ውስጥ ኡዋን አፉዳ በሚባል ዋሻ አዳኞች የዱር በግ መሰል እንስሳ አጉረው ያቆዩ እንደነበር የበጠጡ ንብርብር አሳይቷል። በጠጡና አጥንቱ አንድ ላይ ሲመሰክሩ ነው የሚታመነው።

ሸክላው ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ገላው ውስጥ የሰረገ የወተት ስብ ለሺህ ዓመታት ይቆያል፤ ሊቢያ ታካርኮሪ ላይ 7,000 ዓመት ገደማ ያለው ተገኝቷል። የዱር እንስሳ ደግሞ ማንም አያልብም። ስለዚህ ስብርባሪ ካያችሁ አታንሱት፣ አትጠቡት፣ ቅባት በነካው እጅ አትዳብሱት። ፎቶ አንሡና ቦታውን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።