ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ የ1906 የጦር መርከብ እንዴት ይነደፋል?

ባሕር አያስፈልግም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ሆነን፣ በምግብ ጠረጴዛ የምንሠራው ሥራ ነው። የግራፍ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና ካልኩሌተር ይበቃል። ውጤቱ ማንም ሠርቶት የማያውቅ፣ ቢሠራ ግን በትክክል የሚንሳፈፍ መርከብ ነው። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ቆንጆ መርከብ መሳል አንድ ነገር ነው፤ የሚንሳፈፍ መርከብ መንደፍ ሌላ።

መጀመሪያ ዓመትና አገር

ዓመቱ ብዙ ነገር ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1902 የተጠናቀቀችው የጃፓኗ ሚካሳ አራት ባለ 305 ሚሊሜትር መድፎች ይዛ 18 ኖት ትሄድ ነበር (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)። በ1906 መጨረሻ የተጠናቀቀችው የእንግሊዟ ድሬድኖት ግን እንዲህ ያለውን መድፍ አሥር ይዛ፣ በእንፋሎት ተርባይን 21 ኖት ትሮጣለች። ልዩነቱ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ለ1902 መርከብ ተርባይን ከሰጣችሁት ንድፉ ከዘመኑ ወጣ ማለት ነው።

አገሩ ደግሞ ስፋቱን ይወስናል። ጀርመን ትልልቅ መርከቦቿን ለማሳለፍ የኪልን ቦይ፣ መርከብ ከባሕር ወደ ባሕር የሚሻገርበትን ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ፣ ማስፋት ነበረባት፤ ሥራው በ1914 ነው ያለቀው። ለጀማሪ እኔ የምመክረው እንደ ብራዚል ያለ፣ መርከቡን ከውጭ ያሠራ አገር ነው። ብራዚል ሁለቱን ትልልቅ መርከቦቿን እንግሊዝ አሠርታ በ1910 ተረክባለች። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲሆን ከየአገሩ ጥሩ ጥሩውን ለመምረጥ ነፃነት አላችሁ።

ክብደቱን መበጀት

ብዙ ሰው ከመድፍ ይጀምራል። እኔ ከቶን ጀምሩ ነው የምለው። መርከብ የሚገፋውን ውሃ ያህል ብቻ ነው መመዘን የሚችለው። ርዝመቱን በስፋቱ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ በሚገባው ጥልቀት አባዙ። መርከብ ሣጥን ስላልሆነ፣ ፊቱና ኋላው ስለሚቀጥን፣ ውጤቱን በ0.6 ገደማ አባዙት። የባሕር ውሃ ከባድ ስለሆነ ደግሞ በ1.025።

ምሳሌ እንይ። ርዝመት 150 ሜትር፣ ስፋት 25፣ ጥልቀት 8። መጠኑ 18,000 ሜትር ኩብ፣ ክብደቱ 18,450 ቶን ይመጣል። ከድሬድኖት ጋር ተቀራራቢ ነው።

አሁን ይህን አከፋፍሉ። በድሬድኖት ላይ ቀፎው፣ ማለትም የመርከቡ ባዶ አካል፣ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ያለ፣ መከላከያ ብረቱ ሩብ አለፍ ያለ፣ መድፎቹ ከነቤታቸው አንድ ስድስተኛ፣ ሞተሩና ቦይለሩ (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው) አንድ ዘጠነኛ ገደማ ይወስዱ ነበር። ለድንጋይ ከሰል፣ ለጀልባና ለመርከበኞች የሚተርፈው በጣም ጥቂት ነው። አንድ መድፍ ስትጨምሩ ከየትኛው እንደምትቀንሱ ወዲያው ጻፉ።

የብረት ክብደት እንዲገባችሁ ሰፈር ውስጥ በርና መስኮት የሚበይዱት ልጆች ጋ ሂዱ። 1 በ2 ሜትር የሆነ ባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ ወደ 31 ኪሎ ይመዝናል። አንሱት። ከዚያ የድሬድኖት ወገብ ላይ ያለው ብረት 279 ሚሊሜትር እንደሆነ አስቡ። 100 ሜትር ርዝመትና 3.5 ሜትር ቁመት ያለው 280 ሚሊሜትር ብረት በአንድ ጎን ብቻ ወደ 770 ቶን ነው። ሌላውን ጎን አትርሱ።

ከሰሉንም ሁለት ጊዜ አስሉ። ድሬድኖት ስትነደፍ የተያዘላት 900 ቶን ነበር፤ ጎተራዋ ግን ወደ 2,900 ቶን ይይዛል። በእኛ ምሳሌ በየ28 ቶኑ መርከቡ 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል። 2,000 ቶን ከሰል ሲጨመር ከ70 ሴንቲሜትር በላይ ሰመጠ ማለት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። የሩሲያ ቦሮዲኖ ዓይነት መርከቦች ከታቀደላቸው በላይ ከብደው፣ ወፍራሙ የጎን ብረት ውሃ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር። በግንቦት 1905 ከጃፓን ጋር በተደረገው የቱሺማ የባሕር ውጊያ ላይ ከተሰለፉት አራቱ ሦስቱ ሰመጡ፣ አንዱ ተማረከ።

እንዳይገለበጥ

ይህ ደረጃ ከባድ ነው፤ ዝለሉት ግን አልልም። ኤክሴል ላይ አራት ዓምድ አውጡ፦ ዕቃው፣ ክብደቱ፣ ከመርከቡ ወለል ያለው ከፍታ፣ የሁለቱ ብዜት። የብዜቶቹን ድምር ለጠቅላላ ክብደቱ ስታካፍሉ የክብደቱ ማዕከል ከፍታ ይመጣል። መድፍና ወፍራም ብረት ከላይ ስለሚቀመጡ ይህ ቁጥር ቶሎ ከፍ ይላል።

ቀጥሎ መርከቡን የሚያቃናውን ነጥብ ፈልጉ። ሜታሴንተር ይባላል። ሁለት ቁጥር ደምሩ። አንደኛው የጥልቀቱ ግማሽ አለፍ ያለ ነው፤ በምሳሌያችን 4.3 ሜትር። ሁለተኛውን ለማግኘት ስፋቱን ለራሱ ሦስት ጊዜ አባዙ (25×25×25)፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ12 አካፍሉ፣ ለቅጥነቱ በ0.6 አባዙ፣ ለ18,000 አካፍሉ። 6.5 ይመጣል። ድምሩ 10.8 ሜትር ነው። የክብደቱ ማዕከል ከዚህ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። ከበለጠ መርከቡ በኃይል ስለሚወዛወዝ መድፍ ማነጣጠር ይከብዳል። ካነሰ አደጋ ነው። በ1870 ካፕቴን የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከንድፏ በላይ ከብዳ፣ ጎኗ ለውሃው ቀርቦ፣ በማዕበል ተገልብጣ ወደ 480 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል።

ስፋቱ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ እሱን ንኩ። 25ቱን 26 ማድረግ ብቻ ብዜቱን በ12 በመቶ ከፍ ያደርገዋል።

ስፕሪንግሻርፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሰላል። ጥሩ ነው። ግን በእጃችሁ አንድ መርከብ ሳትጨርሱ አትክፈቱት። ቁጥሩን ይሰጣችኋል፣ ምክንያቱን ግን አይነግራችሁም። ደግሞ እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ወረቀት ይሠራል።

መድፍና ፍጥነት

የመድፍ ብዛት ብቻውን አያታልላችሁ። ድሬድኖት ከአሥሩ መድፎቿ ወደ አንድ ጎን መተኮስ የምትችለው በስምንቱ ነው። የአሜሪካዋ ሳውዝ ካሮላይና ስምንት ብቻ ነበራት፤ ሁሉንም መሃል መስመር ላይ፣ አንዱን ከሌላው ከፍ አድርጋ ስላስቀመጠች ግን ስምንቱንም ወደ ሁለቱም ጎን ትተኩሳለች። ያውም በ16,000 ቶን። ለእኔ የዘመኑ ብልህ ንድፍ እሷ ናት፤ ዋጋዋን ግን በፍጥነት ከፍላለች፣ 18.5 ኖት ነው የምትሄደው።

ፍጥነት ውድ ነው። የሚያስፈልገው ኃይል ፍጥነቱ ለራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ በሚመጣው ልክ ያድጋል። ከ18 ወደ 21 ኖት ለመውጣት 60 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል።

ወደ ወረቀት

1 ለ500 ሳሉ። የምሳሌያችን 150 ሜትር 30 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ኤ3 ወረቀት ላይ በደንብ ይገባል። መጀመሪያ ቦይለሩን፣ ሞተሩንና የጥይት መጋዘኑን አስቀምጡ፤ ቦታ የሚያጣብቡት እነሱ ናቸው። ጭስ ማውጫው ከቦይለሩ በላይ ይወጣል።

ምሰሶውን ግን ከፊተኛው ጭስ ማውጫ ኋላ አትትከሉት። ድሬድኖት ላይ እንዲያ ተደርጎ፣ ላይ ሆኖ የጥይቱን አወዳደቅ የሚከታተለው ሰው ጭሱና ሙቀቱ ያስቸግረው ነበር። ከጭስ ማውጫው ፊት አድርጉት።