ቤት ከሌላቸው ሰዎች ጋር በበጎ ፈቃድ እየሰሩ ወደ ቻሪቲ ስራ እንዴት ይገባል?

ቻሪቲ ወይ ኤንጂኦ ውስጥ ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው የሚገጥመው ግድግዳ ያው የታወቀ ነው፣ ማስታወቂያው "የ2 ዓመት ልምድ" ይላል፣ ልምዱን ደሞ ሳይቀጥሩህ ከየት ታመጣዋለህ። እኔ ያገኘሁት መግቢያ ቤት አልባ ሰዎችን የሚረዱ ድርጅቶች ጋ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሌ ያንሳቸዋል፣ በተለይ ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ። ሾርባ አድላለሁ ብዬ ሄጄ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሳምንታት ብርድ ልብስ ሳጥፍ ነው ያሳለፍኩት፣ ግን ያ ብርድ ልብስ ነው ስራ ያስገባኝ ብል አላጋነንኩም።

1. የት ቦታ እንደምትገቡ ምረጡ

ቤት አልባ ማለት አስፋልት ዳር የተኛ ሰው ብቻ አይደለም። ፌያንትሳ የሚባለው የአውሮፓ ድርጅቶች ኅብረት ያወጣው ኢቶስ የተሰኘ አመዳደብ 4 ክፍል አለው፦ ምንም ጣሪያ የሌለው፣ ጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ ያለ፣ ቤት ኖሮት ነገ ሊያጣው የሚችል (ጓደኛ ሶፋ ላይ የሚያድረውም እዚህ ይገባል) እና ለሰው በማይሆን ቤት የሚኖር። ስለዚህ ስራውም ብዙ አይነት ነው። ኬዝ ወርከር (የአንድ አንድን ሰው ጉዳይ ይዞ የሚከታተል ሠራተኛ) መሆን ካሰባችሁ አውትሪች (ሰዎቹ ያሉበት ጎዳና ድረስ ሄዶ መርዳት) ወይ ሼልተር (መጠለያ) ግቡ፣ ፕሮጀክት ማስተባበር ከሆነ የፈረቃ ፕሮግራም የሚያወጡት ጋ ተጠጉ፣ ፈንድሬይዚንግ (ለድርጅቱ ገንዘብ ማሰባሰብ) ከሆነ ግን ቢሮው ይሻላል፣ ሆኖም ቢያንስ ጥቂት ሳምንት መሬት ላይ ሳትሰሩ ቢሮ አትግቡ፣ ገንዘብ ለመጠየቅ በምትጽፉት ወረቀት ላይ ያለቦታው የሚገባ ቃል ያስታውቃል።

2. ድርጅቱን እናንተም ፈትሹት

ምንም ሳይጠይቅ "ዛሬ ማታ ና" የሚል ድርጅት ያስፈራኛል። ደህናው ድርጅት የሚያውቃችሁ ሰው ይጠይቃል፣ የወንጀል ሪከርድ ያጣራል፣ ስልጠና ይሰጣል። ችግር ቢፈጠር ለማን ነው የምደውለው፣ ውጪ ስንወጣ ሁለት ሁለት ሆነን ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ወደፊት በዚህ ዘርፍ መቀጠር እንደምትፈልጉም እዛው ተናገሩ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የምትደብቁት ከሆነ ነው በኋላ የሚያስቀይመው።

3. የመጀመሪያው ፈረቃ

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የተቀመጠ ሰው ላይ ቆማችሁ አታውሩ፣ ቁጢጥ በሉ። የተኛን ሰው ነክታችሁ አትቀስቅሱ፣ ከእግሩ በኩል ትንሽ ራቅ ብላችሁ በድምጽ ጥሩት፣ ሌሊት የተመታ ሰው ሲነኩት ደንግጦ ሊሰነዝር ይችላል። ፌስታሉን "ላንሳልህ" ብላችሁ ሳትጠይቁ አታንቀሳቅሱ፣ ለእናንተ ፌስታል ነው፣ ለሱ መታወቂያው፣ መድኃኒቱና የልጁ ፎቶ ያለበት ቤቱ ነው። በዕድሜ የሚበልጧችሁን ሰው አንተ አንቺ አትበሉ፣ እርስዎ በሉ፣ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው "እርስዎ ካልሽኝማ ቁጭ በይ" ያሉኝ አይረሳኝም። ጎዳና ተዳዳሪ የሚለውን ቃልም ተዉት፣ ሰውየውንና ጎዳናውን አንድ ያደርጋቸዋል። "እንዴት እዚህ ደረስክ" የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያ ቀን ማን ይጠይቃል? ሲፈልግ ራሱ ይነግራችኋል። ፎቶ ደሞ ጭራሽ።

የሚሰጥ ነገር ካላችሁ ካልሲ አስቡ። የሚናቅ ይመስላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚራመድ፣ ማጠቢያም ማድረቂያም የሌለው ሰው እግሩ እንደረጠበ ይውላል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ትንሿ ቁስል ታመረቅዛለች፣ ስኳር በሽታ ካለበት እግር እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

4. ድንበር

ገንዘብ አትስጡ፣ የግል ስልካችሁን አትስጡ፣ ቤታችሁ አትውሰዱ፣ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ። "ነገ እመጣለሁ" ብሎ መቅረት እኮ ከመጀመሪያውም ካለመምጣት የባሰ ነው። የሰማችሁትን ሚስጥር ጠብቁ፣ ራሱን ወይ ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ ግን ለኃላፊው ትናገራላችሁ፣ ይሄንንም ለሰውየው ቀድማችሁ ንገሩት። ሌላው፣ ብዙ የሚጠጣን ሰው "ዛሬውኑ አቁም" ብላችሁ አትምከሩ፣ ሰውነቱ የለመደ ሰው በአንዴ ሲያቋርጥ የሚጥል ነገር ሊያመጣበት፣ ሊገድለውም ይችላል፣ ሐኪም ጋ አገናኙት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው የስነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ በሶስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። መካሪ ሁን የሚል የለበትም።

5. የዘርፉን ክርክር እወቁ

ኢንተርቪው ላይ "ሀውሲንግ ፈርስት (መጀመሪያ ቤት) ምንድነው" ቢሏችሁ አፍ ይዞ መቅረት የለም። ድሮ አካሄዱ እንደ ደረጃ ነበር፣ መጀመሪያ ከመጠጥና ከሱስ ጽዳ፣ ከዛ መጠለያ፣ ከዛ ምናልባት ቤት። በ1992 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ሳም ፀምበሪስ የሚባል የስነ ልቦና ባለሙያ ገለበጠው፣ ቁልፉን መጀመሪያ ስጠው፣ ሕክምናውና ድጋፉ ከዛ ይከተላል፣ ግዴታም አይደለም። ፊንላንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገር ደረጃ ይዛዋለች። የምትስማሙም የማትስማሙም ብትሆኑ ያያችሁትን እያነሳችሁ ተከራከሩ፣ እኔ በበኩሌ መጠለያ ውስጥ በር የሌለው ክፍል ለወር የተኛ ሰው ካየሁ ወዲህ ሀሳቤ ተቀይሯል።

6. ጻፉት፣ ሲቪ ላይ አውጡት

ከያንዳንዱ ፈረቃ በኋላ አምስት መስመር ጻፉ፣ የሰው ስም ሳታስገቡ፦ ምን ሰራሁ፣ ምን ከበደኝ፣ ለማን አሳወቅኩ። "ቤት አልባ ሰዎችን ረድቻለሁ" ብሎ ሲቪ ላይ መጻፍ ምንም አይናገርም። "ለ8 ወር በሳምንት አንድ ሌሊት 20 አልጋ ባለው መጠለያ ሰርቻለሁ፣ አዳዲስ ሰዎችን ተቀብዬ መዝግቤያለሁ፣ የፈረቃ ርክክብ ሪፖርት ጽፌያለሁ" ሲባል ግን ቀጣሪው ያያችኋል። ቁጥሩ የራሳችሁ እውነተኛ ቁጥር ይሁን። ስድስት ወር ገደማ ሲሞላችሁ ማንም የማይፈልገውን ስራ ጠይቁ፣ የእቃ ቆጠራ፣ ዳታ ማስገባት፣ አዲስ የሚመጡትን ማለማመድ፣ እሱ ነው ኮኦርዲኔተሯ (በጎ ፈቃደኞችን የምታስተባብረው) ጋ ስማችሁን የሚያስቀምጠው። የድጋፍ ደብዳቤም ከሷ ነው የሚመጣ፣ እና የውስጥ ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ ውጪ ከመለጠፉ በፊት እዛው ይወራል።

7. ስትወጡ

ስራው ሌላ ቦታ ከተገኘ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ለድርጅቱም ለምታውቋቸው ሰዎችም ንገሩ፣ የመጨረሻው ፈረቃ ላይ የሚተካችሁን ልጅ ይዛችሁ ዙሩ፣ ማን ሻይ ያለ ስኳር እንደሚፈልግ፣ ማን ጠዋት ማውራት እንደማይወድ አሳዩት።