ለኪስ የሚሆን የጉዞ ጨዋታ በቤት ውስጥ ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጉዞ የሚሆን የገበታ ጨዋታ በቤቱ ለመሥራት የተነሣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በረጋ ጠረጴዛ ላይ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል ነው፤ ጨዋታውን የሚጠብቀው ግን የሚንገጫገጭ መቀመጫ፣ ጉልበት ላይ የተቀመጠ ቦርሳና ደብዛዛ መብራት ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ሲሆኑ፣ ገሚሶቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ቀዳሚው ስህተት በትልቅ ገበታ የሚታወቅን ጨዋታ እንዳለ ማሳነስ ነው። ቼዝን ብንወስድ በአንድ ረድፍ 8 ቤቶች ስላሉት፣ የገበታው ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአንዱ ቤት የሚደርሰው 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ይህ ከብዙ አዋቂዎች የአውራ ጣት ስፋት ስለሚያንስ፣ አንዱን ጠጠር ለማንሣት የተዘረጋ እጅ ጎረቤቱን ገፍቶ ይጥላል። በዚያ ላይ 32 ጠጠር ማለት በመቀመጫ ሥር ሊገባ የሚችል 32 ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ስሌቱ መነሣት ያለበት ከኪሱ ነው፤ አስቀድሞ ጨዋታውን የሚይዘው ዕቃ ይለካል፣ ለአንድ ቤት ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ይመደባል፣ ከዚያ በኋላ ስንት ቤት እንደሚገኝ ይታያል። ውስጡ 9 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ የከረሜላ ቆርቆሮ በዚህ ስሌት 6 በ4፣ በድምሩ 24 ቤቶችን ይይዛል። ለ24 ቤት የሚስማማ ሕግ ማሰብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ 64 ቤቶችን በግድ ከማጨቅ ይልቅ ደስ የሚል ሥራ ነው።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት ጠጠሮቹን ልቅ መተው ነው። ችግሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1910 እ.ኤ.አ. በግብፅ ቴብስ በቁፋሮ የተገኘውና አሁን በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው የውሾችና የቀበሮዎች ጨዋታ ከ3,800 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ጠጠሮቹ በቀዳዳ የሚሰኩ ዐሥር ዘንጎች ናቸው፤ ከገበታው ሥርም ዘንጎቹ የሚቀመጡበት መሳቢያ ተበጅቶለታል። ይህንኑ በቤት ለመሥራት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ሦስት ጠንካራ ካርቶኖች አንዱን በሌላው ላይ በኮላ ማጣበቅና በክብሪት እንጨት ልክ መብሳት ይበቃል። አንድ ካርቶን ብቻውን ዘንጉን አጥብቆ ስለማይዝ ዘንጉ ይንጋደዳል። ቀዳዳዎቹም ካርቶኖቹ ተጣብቀው ከደረቁ በኋላ እንጂ አስቀድሞ ለየብቻ መበሳት የለባቸውም፤ አለዚያ ሦስቱ ቀዳዳዎች አይገጣጠሙም።

ማግኔት የሚመርጥ ሰው ሌላ ዓይነት ስህተት ይጠብቀዋል። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ከገበታው ሥርም ከጠጠሮቹ ሥርም ማግኔት አጣበቅሁ፤ ኮላው ደርቆ ጠጠሮቹን ላስቀምጥ ስል ከግማሽ የሚበልጡት ከቤታቸው እየተገፉ ዘለሉ፤ ለካ የማግኔቶቹን ፊት ሳላመሳክር ነበር የለጠፍኋቸው። ከዚያ ወዲህ ከገበታው ሥር የማደርገው ስስ የብረት ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ብረት የማግኔቱን የትኛውንም ፊት ይስባልና የመገልበጥ ጣጣ የለውም። አሉሚኒየም ማግኔት ስለማይዝ ቆርቆሮው ከመቆረጡ በፊት በማግኔት ይፈተን። ማግኔቶቹ ከመጠን በላይ ጠንካራ ከሆኑ ደግሞ በአጎራባች ቤቶች ያሉ ጠጠሮች ዘለው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ማግኔትን ጨርሶ መተው ይሻላል፤ ከአንድ በላይ ማግኔት የዋጠ ሕፃን ማግኔቶቹ በአንጀቱ ግድግዳ መሐል ሊሳሳቡና ብርቱ ጉዳት ሊያደርሱበት ስለሚችሉ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይኖርበታል።

ዳይስ በጉዞ ላይ ይንከባለላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ስህተቱ ያለው በአተካኩ ላይ ነው። የሁለት ዳይስ ድምር የሚፈልግ ጨዋታን ከ2 እስከ 12 በተጻፈባቸው 11 ካርዶች መተካት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ዳይስ ከሚወድቁባቸው 36 መንገዶች ውስጥ 7ን የሚሰጡት 6፣ 2ን የሚሰጠው ግን 1 ብቻ ነው። በ11ዱ ካርዶች ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስለሚወጡ በ7 ላይ የተመሠረተ ስልት ሁሉ ይፈርሳል። ትክክለኛው ምትክ 36 ካርድ ነው፤ ያ ደግሞ ኪስ ይሞላል። ለዚህ ነው ሁለት ትንንሽ ዳይሶችን በአንዲት ክዳኗ የታሸገ፣ ብርሃን በምታሳልፍ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጦ ከነብልቃጧ መነቅነቅን የምመርጠው።

የሚታጠፍ ገበታ ሲሠራ እጥፋቱ በቤቶች መካከል ባለው መስመር ላይ እንዲውል በሚታጠፍበት አቅጣጫ ያሉት ቤቶች ቁጥር ሙሉ እንጂ ጎዶሎ መሆን የለበትም። የጨርቅ ፕላስተሩ በጀርባ በኩል የሚለጠፍና ገበታው ፊት ለፊት የሚገጥም ከሆነ፣ በሁለቱ ካርቶኖች መካከል የውፍረታቸው እጥፍ የሚሆን ክፍተት ይተዋል፤ ለ2 ሚሊ ሜትር ካርቶን 4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ክፍተቱን የዘነጋ ሰው ገበታውን በግድ ሲያጥፈው ፕላስተሩን ይገነጥላል። በአንድ ፊት ብቻ በእርጥብ ኮላ የተለጠፈ ወረቀት ሲደርቅ ካርቶኑን ስለሚያቆለምም፣ በጀርባውም ተመሳሳይ ወረቀት ለጥፎ ሌሊቱን በከባድ መጻሕፍት ሥር ማሳደር ያስፈልጋል። በፕሪንተር የሚታተም ከሆነ መጠኑ 100 በመቶ ላይ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ገጹን ለመሙላት ወይም ለመግጠም ሲባል የሚለወጥ ልኬት ቀዳዳና ቤትን ያለያያል።

ተቃራኒ ወገኖችን በቀይና በአረንጓዴ ብቻ መለየትም የተለመደ ነው። ብዙ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ሁለቱን ቀለማት መለየት ይቸግራቸዋል፤ በመሸ ጊዜ ደግሞ ችግሩ የሁሉም ይሆናል። የአንዱን ወገን ዘንጎች ጫፍ ሹል፣ የሌላውን ደፋጣ ማድረግ ቀለም ሳያስፈልግ በጣት ያስለያል።

በመጨረሻም ጨዋታው የሚፈተነው ተጀምሮ እስኪያልቅ ብቻ አይደለም፤ መሐል ላይ መዘጋትም አለበት። ተጓዥ ድንገት ስለሚጠራ፣ ገበታው ከነጠጠሮቹ ተዘግቶ፣ በቦርሳ ውስጥ ተገልብጦ፣ ሲከፈት ሁሉም ጠጠር በቦታው ሊገኝ ይገባል። እኔ ይህን የምፈትነው ጨዋታውን በግማሽ ትቼ፣ ዕቃውን በላስቲክ አስሬ፣ በቦርሳዬ ይዤ ለአንድ ቀን በመዞር ነው። የጠጠሮቹን ብዛትና አጭሩን ሕግ በክዳኑ ውስጥ ለጥፌ፣ ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ትርፍ ዘንግ ከጎኑ አስቀምጣለሁ።