በሙቀት ካሜራ አልታይ ያለው ስንጥቅ እንዴት እንደታየ

ጠፍጣፋው የአረብ ብረት ናሙና ስንጥቅ እንዳለበት በማግኔት ምርመራ ተረጋግጧል። በ20 ኪሎኸርዝ አልትራሳውንድ አንቀጥቅጠን በኢንፍራሬድ (የሙቀት) ካሜራ ስናየው ግን ስንጥቁ ያለበት ቦታ ምንም አያሳይም፤ ይልቁንም ናሙናውን የያዙት ማሰሪያዎች ያበራሉ።

ዘዴው የሚሠራው የስንጥቁ ሁለት ፊቶች እርስ በርስ ተፋትገው ስለሚሞቁ ነው። ካልተፋተጉ ሙቀት የለም። የችግሩ ምንጭም እዚሁ ላይ ተገኘ፦ በአንድ ቋሚ ድግግሞሽ በሚንቀጠቀጥ ብረት ውስጥ ባለበት የቆመ ሞገድ ይፈጠራል። አንዳንዱ ቦታ በኃይል ይለጠጣል፣ ይጨመቃል፤ ሌላው ከነጭራሹ ጫና አይደርስበትም። የእኛ ስንጥቅ ያረፈው ጫና በማይደርስበት ቦታ ነበር።

ስለዚህ ንዝረቱ የሚገባበትን ነጥብ ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ጎን አዛወርኩት። ስንጥቁ ወዲያው ቦግ አለ! ይህን ማየት እጅግ ደስ ይላል።

የቀረው ቀላል ነበር። ማሰሪያዎቹ ከናሙናው ጋር እየተፋተጉ የሐሰት ሙቀት እንዳያመጡ በመካከላቸው ላስቲክ አስገባሁ። የሚያብረቀርቅ ብረት የራሱን ሙቀት ከማሳየት ይልቅ የአካባቢውን ስለሚያንጸባርቅ ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ንዝረቱ ያመጣው ሙቀት ብቻ እንዲታይም ከንዝረቱ በፊት የተነሳውን ምስል ከተከታዮቹ ምስሎች ላይ ቀነስኩ።

ከአንድ ነጥብ ብቻ ተንቀጥቅጦ ምንም ያላሳየን ዕቃ ጤነኛ ነው ብላችሁ አትፈርሙ፤ ቢያንስ ከሁለት ቦታ ሞክሩት። አፉ ሰፊ የሆነ ስንጥቅ ደግሞ ፊቶቹ ስለማይነካኩ ላይሞቅ ይችላል፤ ለእሱ ስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ በሚገባ ቀለም የሚደረግ ምርመራ ይሻላል።